ላይኛው ቁጥር

አባቴ ረጃጅም ሴቶች ይወድ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ክረምት ያመንኩት እንደዚያ ነው፤ ማስረጃም ነበረኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማችን የበረዶ አዳራሽ የሆኪ ጨዋታ ሲያልቅ ሌሎቹ አባቶች መኪና ሊያሞቁ ይወጣሉ። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ስለሆነ ሞተሩ ቀድሞ ካልተነሳ ማንም ቤቱ አይገባም። የኔ አባት ኦረስት ዳኒሊዩክ ግን ቀጥ ብሎ ወደ እናቶቹ ነው። እናቶቹ የተጠበሰ ድንች በሚሸጥበት መስኮት አጠገብ ቆመው ልጆቻቸው ልብስ ቀይረው እስኪወጡ ይጠብቃሉ። አባቴ ከመካከላቸው ረጅሟን ይመርጥና አጠገቧ ይቆማል። እኔ ትኩስ ቸኮላቴን ይዤ ከኋላው እቆማለሁ።

በዚያ ክረምት የመረጣት ኢንግሪድ ሶልበርግን ነበር። ከሐይቁ ማዶ ከብት የምታረባ፣ ኮልቢ የሚባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያላት ሴት ናት። ኮልቢ በረዶው ላይ ሲሮጥ እግሩና እጁ የተጣሉ ይመስል ነበር። እናቱ ግን እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ያለች ነበረች።

«ኢንግሪድ፣ አባትሽም እንዲህ ረጅም ነበር?» ይላታል አባቴ።

«እሱማ እኔን በአንድ ጭንቅላት ይበልጠኝ ነበር።»

«ወንድሞችሽስ?»

«ሁለቱ በር ሲገቡ ጎንበስ ይላሉ።»

«ኧረ በፈጠረሽ!» ይላል፣ ፊቱ እየበራ። ከዚያ እንደ ዋዛ ግማሽ እርምጃ ተጠግቶ ቀጥ ብሎ ይቆምና ትከሻው ከየት እንደሚደርስ በዓይኑ ይለካል። ወዲያው ዞር ብሎ ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ በእርሳስ ይጽፋል። ይህን ሁሉ ከጎኑ ቆሜ አይቻለሁ።

እናቴ ማርለን ደግሞ አጭር ነበረች። የምትሠራው ፖስታ ቤት ነው፤ ከመስኮቱ በስተኋላ የእንጨት መርገጫ ሠርተውላት እሱ ላይ ቆማ ነው ቴምብር የምትሸጠው። ቤት ውስጥ ደግሞ ላይኛው መደርደሪያ ያለ ሳህን ስትፈልግ ወንበር ትጎትታለች።

«እማዬ፣ ለምንድነው አጭር የሆንሽው?» አልኳት አንድ ቀን።

«አባትሽ አንገቱ እንዲለማመጥ ብዬ» አለችኝና ሊጡን መዳመጧን ቀጠለች። እንዲህ የምትቀልደው ምንም ስላልጠረጠረች ነው ብዬ ይበልጥ አዘንኩላት።

አሁን እንደማውቀው አባቴ መልማይ ነበር። በሳምንቱ ቀናት የእህል ጎተራ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰባት ሰዓት መንገድ ርቆ ላለ የወጣቶች ሆኪ ክለብ የአካባቢያችንን ልጆች እያየ ይጽፋል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ገና ያልተከደነ ቤት ነው። ጣሪያው የት እንደሚያርፍ ለመገመት መልማዮች የጫማ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ የእጅ መዳፍ ያያሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን እናትን ያያሉ። አባት ያታልላል፣ እናት አትዋሽም ይሉ ነበር። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርስ እንደሚያየው ማለት ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ከየት አምጥታ ታውቀዋለች?

ስለ ደብተሩ ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። ላይኛው ሁሉ ነገር ቢሳካለት ሊሆን የሚችለው ነው። ታችኛው የማይቀርለት ነው። ሁለቱም ከአሥር ነው የሚታሰቡት።

«ላይኛው ምኞት ነው፣ ታችኛው ኑሮ ነው» ይለኝ ነበር አባቴ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ፣ ቅርፊቱን ወረቀት ኩባያ ውስጥ እየተፋ። አዳራሹ ውስጥ ሁልጊዜ ከላይ፣ ጥግ ላይ ነበር የምንቀመጠው። «ሰው የሚጃጃለው በላይኛው ነው።»

ከሁሉም በላይ የታወቀው ባለማጋነኑ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ የሰጠው ለሁለት ልጆች ብቻ ነው።

በየካቲት መጀመሪያ እሁድ የክለቡ ዋና መልማይ ጎርድ ቴት ለምሳ እኛ ቤት መጣ። የጸጉር አንገትጌ ያለው ካፖርት የሚለብስ፣ ድምፁ ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነበር። እናቴ ፒሮሂ የምንለውን ድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ በቅቤና በሽንኩርት አቀረበችለት። እኔ ከጠረጴዛው ጥግ ነኝ። ወንድሜ ትሬንት ቶሎ በልቶ ምድር ቤት ወርዷል። በልብስ ማድረቂያው ማሽን በር ላይ ፓክ የምንላትን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ እየመታ ይለማመዳል። ዷ! ዷ! እያለ ከእግራችን ስር ይሰማል።

«እናትየዋን አየሃት አይደል?» አለ ጎርድ ሹካውን እየወዘወዘ።

«አየኋት» አለ አባቴ።

«እና?»

«ግሩም ናት። ምን ይወጣላታል?»

«እኔማ ካየኋት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም!»

እናቴን አየኋት። ትስቃለች! ሳቋን ገታ አድርጋ ፒሮሂ እየጨመረችለት «ብላ እንጂ ጎርድ፣ ሲበላ ነው እንቅልፍ የሚመጣው» አለችው። ይህች ሴት ምን ዓይነት የዋህ ናት ብዬ ሳህኔን ገፋሁት።

«ልጁ ግን በረዶ ላይ መቆም አይችልም» አለ አባቴ። «ዛሬ ሦስት ነው፤ ከዚህም ብዙ አያልፍም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንብህ።»

«የሰማይ ላም የሌለው ክለብ ዋንጫ አይበላም፣ ኦረስት። ላይኛውን እንጂ ታችኛውን ብሎ ትኬት የሚቆርጥ ማነው? ኑሮማ ሁሉም ቤቱ አለው።» ከዚያ ሹካውን አስቀመጠና ጆሮውን ወደ ምድር ቤቱ አዘነበለ። ዷ! «የራስህ ልጅስ? ወረቀቱን አላየሁም።»

አባቴ ፒሮሂውን በሹካው ለሁለት ቆረጠው።

«አካባቢው ያንተ ነው» አለ ጎርድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚህ ሌላ መልማይ የለኝም። አንተ ካልጻፍክ ስሙ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባን ልጅ ደግሞ ክለቦቹ በየተራ ልጆች በሚመርጡበት ቀን ማንም አይጠራውም። እስከ ዓርብ።»

«እኔ በልጄ ላይ ልፈርድ አልችልም።»

«ማዳላት እኮ ትችላለህ፣ አባት ነህ።»

«እሱንማ ነው የማልችለው።»

የምድር ቤቱ ምት ቆሞ እንደነበር ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ትሬንት ደረጃው ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ማታ ክፍሌ በር ላይ መጣ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ቀጭን፣ ትከሻው ጠባብ፣ ግን ፓኳ የት እንደምትሄድ ከመሄዷ በፊት የሚያውቅ ልጅ። በደህናው ቀን ድንክዬ እያለ ነው የሚጠራኝ።

«ላሪሳ» አለኝ፣ በስሜ። «አንቺ ሁልጊዜ አጠገቡ ነው የምትቀመጪው። ስለኔ ሲጽፍ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«አንድ ጊዜም?»

«አንተ ስትጫወት ደብተሩን ኪሱ ይከተዋል።»

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። በወንድሜ ፊት ላይ ፍርሃት ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ትልቅ ልጅ የሚፈራ አይመስለኝም ነበር።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ደብተሩን ስሰርቅ ሁለት ጉዳይ ነበረኝ፦ የኢንግሪድ ሶልበርግና የትሬንት። አባቴ በረንዳው ላይ ካፖርቱን ሰቅሎ በአሮጌው ጃኬት በረዶ ሊዝቅ ወጥቷል። የአካፋው ድምፅ ይሰማኛል፤ ድምፁ እስካለ ድረስ ጊዜ አለኝ። እጄን የደረት ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። ደብተሩ ሱፍና ትንባሆ ይሸት ነበር።

ኮልቢ ሶልበርግ። ጫማ ቁጥር 47። ሚዛን የለውም። እናት፦ በጣም ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ እጆቿ ትልልቅ። ላይኛው 9፣ ታችኛው 3።

ቀጥ ያለች! ፊቴ ጋለ። ገጾቹን ገለጥኩ፣ ገለጥኩ። የመጨረሻው ላይ አገኘሁት።

ትሬንት ዳኒሊዩክ። አእምሮ፦ በጣም ጥሩ። ፍጥነት፦ መካከለኛ። ትከሻ፦ ጠባብ። እናት፦ አጭር። ታችኛው 4።

ላይኛው የሚለው ፊት ለፊት ምንም የለም። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ግራጫ ሆኖ ሳስቷል፤ ወደ መስኮቱ ብይዘው ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል። ይህ ምን እንደሆነ አላሰብኩበትም። የገባኝ ሌላ ነው፤ አባቴ እናቴን አጭር ብሎ ሰድቧታል፣ በሷ ምክንያት ደግሞ ለወንድሜ ምኞት ነፍጎታል። እልህ ያዘኝ። እርሳሱ ከደብተሩ ጋር በላስቲክ ታስሮ ነበር። የአባቴ ዘጠኝ ጭራዋ ወደ ግራ ትታጠፋለች፤ ያቺን ጭራ አስመስዬ፣ ምላሴን አውጥቼ፣ በባዶው ቦታ ላይ 9 ጻፍኩ። አካፋው ሲቆም ደብተሩ ኪሱ ተመልሷል።

ዓርብ ከእራት በኋላ አባቴ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከደብተሩ ወደ ክለቡ ቅጽ ይገለብጥ ጀመር። ቅጹ ሦስት ቅጠል ነው፤ ነጩና ሮዙ ይላካሉ፣ ቢጫው ለሱ ይቀራል። የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። አንድ ልጅ ይጨርሳል፣ አንድ እፍኝ ሱፍ አፉ ይጨምራል፣ ይቀጥላል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ መቆርጠሙን አቆመ።

መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገውና መልሶ አደረገው። እኔ የቤት ሥራዬ ላይ አቀረቀርኩ።

«ላሪሳ።»

«አቤት አባዬ።»

«ዘንድሮ የትሬንትን ጨዋታ ስንቱን አይተሽለታል?»

«ሁሉንም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንዱ ብቻ ቀርቶብኛል። ጉድፍ ወጥቶብኝ የተኛሁ ጊዜ።»

«እሺ» አለና አጎንብሶ ጻፈ። ብዙ ጻፈ። እኔ እንዲሁ ለወሬ ያህል የጠየቀኝ መስሎኝ፣ ማታለሌ ሠራ ብዬ ወደ ቤት ሥራዬ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ጎርድ ስልክ ደወለ። የሰማሁት የአባቴን ወገን ብቻ ነው።

«አዎ፣ በደንብ አንብበኸዋል። … አዎ፣ ዘመድ ነው። … አይ፣ ከኔ የበለጠ ያየው ሰው ነው። … ደሞዝማ አይጠይቅም።» እዚህ ላይ ሳቀ። «ልምድ? ከኔ አጠገብ ተቀምጦ ነው የተማረው። … እንግዲህ ጎርድ፣ አንተ ነህ ምኞት ስጠኝ ያልከኝ። ይኸው።»

ይህ የተባለለት ሰው የአዳራሹን በረዶ የሚያለሰልሰው የአባቴ አጎት ሜትሮ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሽማግሌው ከአዳራሹ ወጥቶ አያውቅም፣ ሱፍም ከአባቴ ጋር ይቆረጥማል።

በግንቦት ምርጫው ሲካሄድ ኮልቢ ሶልበርግ በመጀመሪያው ዙር ተጠራ፤ ወንድሜ በስምንተኛው። ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት። ወንበር ላይ ወጥታ፣ ሳህን ሳትፈልግ፣ አለቀሰች። ትሬንት በዓመቱ፣ አሥራ ስድስት ሲሞላው፣ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። እንደ ደንቡ ክለቡ ባገኘለት የማያውቀው ቤተሰብ ቤት ይኖራል፣ ከነሱ ጋር ይበላል፣ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በረዶ ሜዳ። አብዛኛውን ጨዋታ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። በሦስተኛው ክረምት ትከሻው ወለቀ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ወለቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ቤት ገባ። የአባቴ አራት ልክ ነበረች።

ኮልቢ አንድ ሜትር ከዘጠና ስድስት ሆነ፣ ልክ እንደ አጎቶቹ። አሥራ ስምንት ሲሞላው ሆኪ አልወድም ብሎ ተወውና የከብት ሐኪም ሆነ። ያንን ማንም በደብተር አልጻፈለትም።

በነዚያ ሦስት ዓመታት ጎርድ ቴት አባቴን አዳራሽ ውስጥ ባገኘው ቁጥር «ዘጠኝህ እንዴት ነው?» ይለው ነበር፣ ሌሎቹ መልማዮች እየሰሙ። ይስቃሉ። አባቴ «ደህና ነው» ይልና ሱፉን ይቆረጥማል። እኔ አጠገቡ ሆኜ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ እላለሁ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ የኔ ሊጥ ግን አባቴን አዋርዶ የወንድሜን ትከሻ አወለቀ። ስለ ረጃጅም ሴቶቹ እውነቱን በአሥራ ሁለት ዓመቴ አወቅሁና ስቄ ተውኩት። ዘጠኟን ግን ለባሌም ለእናቴም አልተናገርኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዣት ኖርኩ።

ባለፈው ጥቅምት የወላጆቼ ልብስ ማድረቂያ ሞተ። ያው በሩ እንደ ጣሳ የተጨራመተው ማሽን ነው፤ አባቴ የሚሠራ ዕቃ አይጥልም። ትሬንት አዲሱን በመኪናው ጭኖ መጣ። አሁን የከተማው አዳራሽ ኃላፊ ነው፣ ሕፃናትም ያሠለጥናል። አሮጌውን ስንጎትት ከኋላው ካለው መደርደሪያ ላይ የወረቀት ሳጥን ወደቀና ቢጫ ወረቀቶች ምድር ቤቱን ሞሉት። የአሥራ አራት ዓመት ቅጾች ናቸው።

«የኔም ይኖራል!» አለ ትሬንት፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ እየፈለገ። «ታውቂያለሽ፣ የመጀመሪያው ቀን ጎርድ ጠርቶ ‹ከሀገርህ ዘጠኝ መጥቶልሃል› አለኝ። አባዬ ዘጠኝ! አግዳሚው ላይ ስቀመጥ፣ ሲያመኝ፣ ማታ የሰው ቤት አልጋ ላይ ስተኛ፣ አንድ የማያጋንን ሰው ዘጠኝ ብሎኛል እል ነበር።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ነገርኩት። ካፖርቱን፣ አካፋውን፣ ጭራዋን፣ ሁሉንም። ስጨርስ አላየኝም። እጁ ላይ ያለውን ወረቀት እያየ ነበር፤ አግኝቶታል።

«ነይ አንብቢ» አለኝ።

የአባቴ ጽሕፈት ነው። ታችኛው 4። ላይኛው 9። ከስር ደግሞ «ሁለተኛ ተመልካች ካለ» የሚል መስመር አለ፤ መልማዮች ሲጠራጠሩ ሌላ ሰው ልከው የሚያስጽፉበት። አባቴ እዚያ ላይ እንዲህ ብሏል፦ ላይኛውን የሰጠችው ላሪሳ ዳኒሊዩክ ናት። አንድ ሲቀር ሁሉንም ጨዋታ አይታለች። እኔ መገመት አልቻልኩም።

ማንንም አላታለልኩም ነበር። ወረቀቱ እስኪሳሳ ያጠፋ ሰው፣ እዚያው ቦታ ላይ የሌላ እጅ ዘጠኝ ሲያገኝ አላየም ብዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ማመኔ ነው የሚገርመው። አለቀስኩ። ትሬንት ክንዴን ይዞ አስነሳኝና ወደ ላይ ወጣን።

አባቴ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሳሎን ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ እያየ፣ ኩባያው ጭኑ ላይ ነው። ቢጫውን ወረቀት ሰጠሁት። ከዓይኑ አራቀው፣ አቀረበው።

«አባዬ፣ ላይኛውን ለምን ባዶ ተውከው?»

«አልተውኩትም። አራት ጊዜ ጻፍኩት፣ አራት ጊዜ አጠፋሁት። የሚጽፈው አባትየው ነው፣ የሚያጠፋው መልማዩ።»

«ታዲያ የኔን ለምን ላክኸው? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እየሳቁብህ!»

«አንቺ አላጠፋሽማ» አለኝ፤ ቅርፊቱን ኩባያው ውስጥ ተፋ። ከዚያ ትሬንትን ቀና ብሎ ሳያየው፣ «አራቱ ግን ልክ ነበር» አለ።

«ልክ ነበር» አለ ትሬንት። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ወደ እኔ ዞረ። «ስሚ፣ ጉድፍ ወጥቶብሽ የቀረሽው ጨዋታ እኮ ሦስት ያገባሁበት ነው። ያንን ብታዪ አሥር ትሰጪኝ ነበር፣ ድንክዬ!»

«ያንን እኔ አይቼዋለሁ» አለ አባቴ፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ እየከተተ። «ሁለቱ የበረኛው ጥፋት ናቸው።»